መደዳ ሱቆች በእንጦጦ ግርጌ

አዲስ አበባ ውስጥ የቆዩ የንግድ ቤቶች በተነሡ ቁጥር ጣት ሁሉ የሚቀሰረው ወደ ፒያሳ ነው። ቀድሞ አራዳ ይባል በነበረው በዚያ ሰፈር የሕንድ፣ የአርመንና የግሪክ ነጋዴዎች ያሠሯቸው፣ ታቹ ሱቅ ላዩ መኖሪያ የሆነ፣ የእንጨት ሰገነት የወጣላቸው ቤቶች ለብዙ ዘመን የከተማዋ ፊት ሆነው ቆይተዋል፤ መጽሐፍ ተጽፎላቸዋል፣ ፎቶግራፋቸው ተሰብስቧል፣ ሲፈርሱም ብዙ ሰው አዝኖላቸዋል። ከዚያ በስተ ሰሜን፣ ስድስት ኪሎን አልፎ ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ ግራና ቀኝ የተደረደሩት የሽሮ ሜዳ የሀገር ልብስ ሱቆች ግን ስለ ቅርስ በሚወራበት ቦታ እምብዛም አይጠሩም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ዓይን የሚይዝ አሮጌ ሕንፃ የላቸውም። ነጭ ቀሚስ የተሰቀለበት መስታወት፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ አልፎ አልፎ በቅርብ የተሠራ ፎቅ፤ በቃ። ይሁን እንጂ የአዲስ አበባ የንግድ ታሪክ ሳይበጠስ የሚነበበው ከአራዳው ሰገነት ይልቅ በዚህ መደዳ ላይ ነው ብዬ እከራከራለሁ። የሚነበበውም ከግድግዳው ላይ አይደለም፤ በሱቁና ከሱቁ ጀርባ ባለው የሸማኔ ጉድጓድ መካከል ካለችው የአጭር ጊዜ የእግር መንገድ ነው። ይህን ለማስረዳት ነገሩን ከሥሩ መጀመር ያስፈልጋል።

ሥሩ እንጦጦ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፣ በ1870ዎቹ፣ ከአንኮበር ተነሥተው ተራራው ላይ ሲከትሙ፣ ከግርጌው የተዘረጋው ዳገት ከቱለማ ኦሮሞ ጎሳዎች የአንዱ፣ የጉለሌዎች አገር ነበር፤ የዛሬው ክፍለ ከተማ ስምም የተወረሰው ከእነርሱ ነው። ተራራው ለጦር ሰፈርነት ቢመችም ብርዱ የበረታ፣ ማገዶው ቶሎ ያለቀበት ቦታ ሆነ። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃ አጠገብ ቤት አሠርተው አዲስ አበባ ተቆረቆረች። እንጦጦ ግን ወዲያው አልተተወም። ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የደፉት ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም.፣ እዚያው እንጦጦ ማርያም ነው። ስለዚህ ላይ ያለውን ደብር ታች ካለው ግቢ የሚያገናኘው ቁልቁለት ለዓመታት የመኳንንቱ፣ የካህናቱ፣ የዘማቹና የተሸካሚው መመላለሻ ሆነ። ይህ ሁሉ ሕዝብ ይለብሳል። በዚያ ዘመን ደግሞ ልብስ ከገላ መሸፈኛነት ያለፈ ሥራ ነበረው፤ ማዕረግ ነው፣ ሽልማት ነው፣ ለአሽከር የውለታ ዋጋ ነው። ሸማው እንዴት እንደተደረበና ጥለቱ በየት በኩል እንደዋለ የተመለከተ ሰው፣ ባለ ሸማው ለቅሶ ላይ ይሁን ሠርግ ላይ፣ ከጌታው ፊት ይሁን ከእኩያው ጋር፣ ሳይነገረው ያውቅ ነበር። ቤተ መንግሥትና ሠራዊት አንድ ቦታ ሲሰፍሩ እንጀራ ጋጋሪ፣ ጠጅ ጣይ፣ አናጢና ሸማኔ ተከትለው ይሰፍራሉ።

ሸማኔዎቹ በሁለት በኩል መጡ። አንደኞቹ ከሰሜን ሸዋ የመጡ የእጅ ጥበብ ሰዎች ናቸው፤ ዛሬም እዚያው ጉለሌ ውስጥ በቀጨኔ ሰፈር ሸክላ ሥራና ሽመና ጎን ለጎን የሚገኙት በእነርሱ ምክንያት ነው። ሁለተኞቹ፣ ሽሮ ሜዳን ሽሮ ሜዳ ያሰኟት፣ ከጋሞ ደጋ፣ በተለይም ከጨንቻ አቅራቢያ ከዶርዜ የመጡት ናቸው። የምኒልክ ጦር በ1880ዎቹ ደቡቡን ጠቅልሎ ሲይዝ ወላይታም ጋሞም ለአዲሲቱ ከተማ ገባር ሆኑ። ከዚያ በኋላ ከጋሞ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ ግብርም ጉልበትም የሚጓዝበት ሆነ። አንዳንዱ ከዘማች ጌታ ጋር ሳይወድ መጣ፤ ሌላው ቆይቶ ዘመዱን ፍለጋ በገዛ እግሩ መጣ። ከከተማዋ ዳር፣ ከዳገቱ ጥግ መስፈራቸው ድንገተኛ ነገር አይመስለኝም። ከተማዋ በሸማቸው ታጌጥ ነበር፤ እነርሱን ግን ከማዕዷ ታርቃቸው ነበር። ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ፣ ብረት ሠሪውን ጠይብ እያለ የሚሳደበው ሰው ስድቡን የሚሰነዝረው በዚያው ሸማኔ እጅ የተሠራውን ኩታ ተከናንቦ ነው። ነገሩ ሥር የሰደደ ስለነበር ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሰውን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። አዋጅ ስድብን አያጠፋም፤ ግን ንቀቱ መንግሥትን እስኪያሳስብ ድረስ የከፋ እንደነበረ፣ መንግሥትም ያለ እነዚህ እጆች ከተማ እንደማይቆም እንደገባው ይመሰክራል። ሻጩ ከፊት፣ ሠሪው ከጀርባ የሆነበት የሽሮ ሜዳ አቀማመጥም መነሻው ይኸው ንቀት ይመስለኛል። ሸማው አደባባይ ይወጣል፤ ሸማኔው ግን ከቤቱ አይወጣም።

በዚያን ጊዜ ንግዱ ያለው አራዳ ነበር። ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፣ በተለይ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከየአገሩ የመጣ ማር፣ ቅቤ፣ ቡና፣ በቅሎ፣ ጥጥና ሸማ በማሪያ ቴሬዛ ብርና በአሞሌ ጨው ይለወጥ ነበር። የገበያውን ዳር ዳር የውጭ ነጋዴዎች መደብሮች ከበቡት፤ ከእነርሱም ስሙ እስከ ዘመናችን የዘለቀው የሕንዶቹ የመሐመድ አሊ ኩባንያ ነው። እነዚህ መደብሮች በብዛት የሚያስገቡት ሸቀጥ ምን ነበር ቢባል መልሱ ጨርቅ ነው፤ የአሜሪካ አቡጀዲ። ሮበርት ስኪነር የተባለው የአሜሪካ ቆንስል በ1896 ዓ.ም. ከምኒልክ ጋር የንግድ ውል ለመፈራረም ያን ያህል በረሃ ያቋረጠው በአብዛኛው አገሩ የምትሸጠውን ይህን ጨርቅ አስቦ ነው። ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ የጨርቅ መግቢያው በር ይበልጥ ሰፋ። ብዙም ሳይቆይ ርካሹ የጃፓን ጨርቅ አሜሪካውን ከገበያ ገፋው፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓን ደርሰው ሲመለሱ ጃፓን በአራዳ ገበያ ውስጥ ከታወቀች ቆይታለች። በነዚህ ዓመታት የሸማኔው ሥራ እንዴት እንዳልጠፋ ማሰብ ተገቢ ነው። እንደ እኔ ንባብ፣ ተራውን ጨርቅ ለመኪናው ለቀቀለት። ለሥራ፣ ለድንኳን፣ ለሱሪ የሚሆነው አቡጀዲ ሆነ። ሸማኔው ያልለቀቀው ጥለት ያለውን ነው፤ ማለትም በቁመትና በበዓል የሚታዘዘውን፣ ዳሩ በእጅ የሚሞላውን፣ ሁለቱ አንድ የማይሆነውን። ያ ማፈግፈግ ሽንፈት ሊመስል ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ለመጣው ነገር ሁሉ መሠረት የሆነው ግን እርሱ ነው።

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባ ሲገባ የአራዳ ዘመን አበቃ። ወራሪው ያወጣው የከተማ ፕላን ነጭን ከጥቁር ለይቶ የሚያሰፍር ነበርና፣ ገበያው ከቅዱስ ጊዮርጊስ ደጃፍ ተነቅሎ ወደ ምዕራብ፣ የዛሬው መርካቶ ወዳለበት ተወሰደ፤ አራዳም ፒያሳ ተባለ። መሐመድ አሊ በ1929 ዓ.ም. ከአገር ተባረረ። በዚያው ዓመት ከየካቲት 12 በኋላ በነበሩት ቀናት በከተማዋ የደረሰው እልቂትና ቃጠሎ የሚታወቅ ነው። አንድ ሰው እዚህ ላይ፣ አራዳ የንግድ ቤቶች ሁሉ ታላቅ ነው፣ ሽሮ ሜዳ በምን መስፈርት ከእርሱ ጋር ይወዳደራል ሊለኝ ይችላል። በዕድሜና በሕንፃ አይወዳደርም፤ ይህን አምናለሁ። ግን ልብ ይባል፦ አንድ የቅኝ ገዢ ፕላን ገበያውን ከአራዳ ሊነቅል የቻለው ገበያውን ከዚያ ቦታ ጋር ያሰረው ትእዛዝና ልማድ ብቻ ስለነበረ ነው። ዕቃው ከሌላ አገር ይመጣል፣ ነጋዴው ከሌላ አገር ይመጣል፣ ገዢውም ወደ ተባለበት ይሄዳል። ቤቱ በቦታው ሲቀር ንግዱ ከውስጡ ወጣ። በኋላ ፒያሳ ሌላ ንግድ አበጀ፤ ወርቅ ቤት፣ ሲኒማ፣ ኬክ ቤት። ጥሩ ሰፈር ነበር፣ ማንም አይክድም፤ ነገር ግን በሰገነቶቹ ሥር የነበረው የምኒልክ ዘመን ንግድ አልነበረም። ሸማኔው ዘንድ ደግሞ ሊነቀል የሚችል መደብር ከመጀመሪያውም የለም። መሣሪያው ጥቂት እንጨት፣ ገመድ፣ መወርወሪያና እግሩን ሰድዶ የሚቀመጥበት የመሬት ጉድጓድ ነው። የሚያስተሳስረውም ፈታይዋ ጎረቤቱ፣ ድር የሚያበድረው ነጋዴና ሙያውን ያስተማረው አጎቱ ናቸው።

ከ1933 ዓ.ም. ነጻነት በኋላ ያለው ጊዜ ከሁሉ ይልቅ ሊጠና የሚገባው ይመስለኛል፤ ምክንያቱም የፋብሪካ ጨርቅ ከውጭ መምጣቱ ቀርቶ እዚሁ መመረት የጀመረው ያን ጊዜ ነው። በድሬዳዋ ኢጣሊያኖች የጀመሩት የጥጥ ፋብሪካ ቀጠለ፤ በአቃቂ ከሕንድ ባለ ሀብቶች ጋር የተቋቋመው ተከተለ፤ በ1953 ዓ.ም. ደግሞ ከኢጣሊያ የጦር ካሣ በተገኘው ገንዘብ የባሕር ዳሩ ተከፈተ። ማንም የኢኮኖሚ ሰው በዚህ ጊዜ የእጅ ሽመና ይሞታል ብሎ ቢተነብይ አይፈረድበትም፤ በሌላ አገር የሆነው እንደዚያ ነውና። በዌልስ ውስጥ ኒውታውን የምትባል የገበያ ከተማ አለች። በ19ኛው ምእት ዓመት መጀመሪያ ከተማዋ በፍላኔል ጨርቅ የታወቀች ነበረች። ኮሜርሻል ስትሪት በሚባለው መንገድ ላይ በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠራ የጡብ ቤት ዛሬም ቆሟል፤ ታቹ ጀርባ ለጀርባ የተጣበቁ የሸማኔ ቤተሰቦች መኖሪያ፣ ላይኛው ፎቅ ደግሞ ብርሃን እንዲገባው በመስኮት የተሞላ ረጅም የሽመና አዳራሽ። የላንካሻየር የእንፋሎት ፋብሪካዎች ገበያውን ሲቀሟት ከተማዋ ለጥቂት ጊዜ በፖስታ በሚላክ የፍላኔል ንግድ ተረፈች፤ ፕራይስ ጆንስ የተባለው ነጋዴ በ1879 እ.ኤ.አ. የከፈተው ግዙፍ መጋዘን አሁንም ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ይታያል። ከዚያ በኋላ ግን ሽመናው አለቀ። ዛሬ ያ የጡብ ቤት ሙዚየም ነው። ቤቱ በሕግ ተጠብቋል፣ ግድግዳው ተጠግኗል፣ ሸማኔ ግን የለበትም።

ሽሮ ሜዳ ላይ የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ሸማኔው አለ፣ ቤቱ የለም። ለምን? አንደኛው ምክንያት ፋብሪካው ከሸማኔው ጋር የነበረው ግንኙነት ነው። የአቃቂም ሆነ የሌሎቹ ፋብሪካዎች ክር ሸማኔው ዘንድ ድር ሆኖ ገባ። ቀድሞ ድሩንም ማጉንም ሴቶች በእንዝርት ይፈትሉት የነበረው አሁን ድሩ የፋብሪካ፣ ማጉ የእጅ ፈትል ሆነ። አንድ ሸማ ለማድረስ የሚፈጀው ጊዜ አጠረ፤ ሸማኔው የፋብሪካው ተቀናቃኝ ከመሆን ይልቅ ደንበኛው ሆነ። ሁለተኛው ምክንያት የገዢው ነው። የዌልሱ ፍላኔል የዘወትር ልብስ ነበርና ርካሽ ሲገኝ ተተካ። የኢትዮጵያ ሸማ ግን በዘመኑ የዘወትር ልብስነቱን እያጣ፣ የቀን መቁጠሪያ ልብስ እየሆነ ነበር። ለቤተ ክርስቲያን ነጠላ፣ ለጥምቀትና ለፋሲካ ቀሚስ፣ ለአራስ ጥየቃ ጋቢ፣ ለሠርግ ጥበብ። ኮትና ሱሪ የለበሰው የመንግሥት ሠራተኛ ቅዳሜና እሑድ ጋቢ ይደርባል፤ ሚስቱም ለዓመት በዓል ያምናውን ቀሚስ መልበስ አትፈልግም። እንዲህ ያለ ፍላጎት በጅምላ አይገዛም። ገዢው መጥቶ ጥለት ይመርጣል፣ ቀለም ያስቀይራል፣ ይከራከራል፣ ለጥር ይድረስልኝ ይላል። ለዚህ ደግሞ ሱቁና ሸማኔው መቀራረብ አለባቸው። ነጋዴው የታዘዘውን ይዞ ከኋላ ወዳለው መንደር ይሻገራል፤ ድርና ቀብድ ይሰጣል፤ ጥለቱ ከተሳሳተ በማግሥቱ ያስመልሳል። መደዳ ሱቁን የፈጠረው ይህ ቅርበት ነው ስል ለማጋነን አይደለም፤ ከዚህ ሌላ ሱቆቹ መርካቶ ሳይሄዱ ከዳገት ሥር የተደረደሩበትን ምክንያት ማግኘት ይቸግራል።

የመንገዱ ጠባይም ረድቷል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲው ከለቀቁ በኋላ ስድስት ኪሎ የተማሪ፣ የመምህርና የውጭ ተመራማሪ መናኸሪያ ሆነ፤ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምና ሙዚየሙም እዚያው ተከፈቱ። በ1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት ከተማዋ እንግዳ በዛባት፤ እንግዳ ደግሞ የሀገር ልብስ ይዞ መመለስ ይወዳል። የአሜሪካ ኤምባሲም በዚሁ መንገድ ላይ፣ ከሸማኔዎቹ ሰፈር አፍንጫ ሥር ነው፤ አቡጀዲዋ ሸማኔውን ወደ ጥለቱ የገፋችው አገር ጎረቤቱ ሆና መጣች። በተቃራኒው አቅጣጫ፣ ወደ ደቡብ፣ ሌላ መንገድ ነበር። ዳን ስፐርበርና ጁዲት ኦልምስቴድ የመሳሰሉ የውጭ አጥኚዎች በ1960ዎቹ ዶርዜ ድረስ ሄደው ሲያጠኑ፣ ወንዶቹ ለሽመና ወደ ከተሞች የሚፈልሱበት ማኅበረሰብ አግኝተዋል። የጋሞ ሸማኔ ዓመቱን ሙሉ አዲስ አበባ ቢውልም ለመስቀል አገሩ ይገባል፤ ዮ ማስቃላ ሳይባባል ዓመቱ አይለወጥለትም። ስለዚህ የሽሮ ሜዳ የንግድ ዓመት ሁለት ምሰሶ አለው፤ ገዢው በጥምቀትና በፋሲካ ይመጣል፣ ሠሪው በመስቀል ይሄዳል። የሰፈሩ ገንዘብ ወደ ጨንቻ ይወጣል፣ ከጨንቻም ወጣት እጅ ይገባል። ወደዚህኛው፣ ጨለማ ወዳለበት ጉዳይ፣ እመለሳለሁ።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ የሰፈሩ መልክ ለረጅም ዘመን ተወሰነ። ከሱቅ ጀርባ ያሉት የጭቃ ቤቶች ብዙዎቹ የቀበሌ ቤት ሆኑ። ኪራያቸው እጅግ ዝቅ አለ፤ ተከራዩም የማይነቀል ሆነ፤ ነገር ግን የሚያድስ ባለቤት ጠፋ። ሽሮ ሜዳ ታሪካዊ ሕንፃ የለውም ለሚለው ተቃውሞ ዋናው መልሴ ያለው እዚህ ላይ ነው። ኒውታውን ቤቷን ያቆየችው የጡብ ቤት ሠርቶ ለሸማኔ የሚያከራይ ባለ ሀብት ስለነበራትና ቤቱ ከእጅ ወደ እጅ በሕግ ስለተላለፈ ነው። ጉለሌ ላይ ሸማኔው መጀመሪያ የመኳንንት ርስት ላይ ጥገኛ፣ ቀጥሎ የቤት ባለቤት ጭሰኛ፣ ከዚያም የቀበሌ ተከራይ ነበር። በማንኛውም ዘመን ዘላቂ ግድግዳ የሚያቆምበት ምክንያትም መብትም አልነበረውም። ሕንፃ አለመኖሩ የታሪክ አለመኖር ማስረጃ ሊሆን አይችልም፤ ራሱ የዚያ ታሪክ አካል ነው። ደግሞም ሌላውን ገጽታ ማየት ያሻል። ያው አዋጅ ቤቱን ቢያስረጅም፣ ርካሽ ኪራዩ ሸማኔውን ከመሀል ከተማ ሳይገፋ አቆይቶታል። ኪራይ በገበያ ዋጋ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ከሱቁ ጀርባ ሸማኔ መኖሩን እጠራጠራለሁ። በዚያው ዘመን የተቋቋሙት የሸማኔ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ድር በመደበኛ ዋጋ ለማዳረስ ሞከሩ፤ ክር በጠፋ ጊዜ ግን ሸማኔው የተመለሰው ወደሚያውቀው ነጋዴ ነው።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ፍላጎቱ ዓይነቱን ለወጠ። የብሔር ብሔረሰቦች ማንነት በአደባባይ የሚከበርበት ጊዜ መጣና ጥለቱ የአካባቢ መለያ ሆኖ መታዘዝ ጀመረ። የ2000 ዓ.ም. ሚሌኒየም ሲከበር ባንዲራ በጥለት የተሠራባቸው ቀሚሶች በየመንገዱ ታዩ። በዋሽንግተንና በሌሎችም ከተሞች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ለሠርግ የሙሽራና የሚዜ ልብስ ከዚህ ያስልካሉ። ጉለሌ ከ1995 ዓ.ም. የአስተዳደር ለውጥ ወዲህ በክፍለ ከተማነት ሲደራጅ የአዲስ አበባ ሸማኔ አብዛኛው በእርሱ ወሰን ውስጥ ነበር። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በዓለም አቀፍ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም ሥር የወጣ አንድ ጥናት የኢትዮጵያን የሸማኔ ሰፈሮች ሲመረምር፣ አብሮ መስፈር አነስተኛ መነሻ ገንዘብ ያለው ሰው ወደ ሙያው እንዲገባ እንደሚያስችል፣ የኤሌክትሪክ መብራትም የሥራውን ሰዓት እንደሚያረዝም አሳይቷል። የመጀመሪያው ነጥብ የእኔን ክርክር የሚደግፍ ነው። ሁለተኛው ግን ወደ አሳሳቢው ተቃውሞ ይወስደናል።

ተቃውሞው ይህ ነው፦ እንጠብቀው የምንለው ምኑን ነው? ጠባብ፣ ጨለማ፣ እርጥበት የበዛበት ክፍል ውስጥ ከንጋት እስከ ሌሊት ጎንበስ ብሎ የሚውል ሰው? ከጋሞ መንደር፣ እናስተምረዋለን ተብሎ መጥቶ፣ ትምህርት ቤት ሳያይ ጉድጓድ ውስጥ የተቀመጠ ሕፃን? ይህ የተፈጠረ ወሬ አይደለም፤ የአሜሪካ የሠራተኛ ሚኒስቴር በየጊዜው በሚያወጣው የሕፃናት ጉልበት የገባባቸው ምርቶች ዝርዝር ውስጥ የኢትዮጵያ የእጅ ሽመና ልብስ ይገኛል፤ በሽሮ ሜዳና በአካባቢው የሕፃናት ዝውውር ላይም ጥናቶች ተሠርተዋል። ስለዚህ ቅርስ የሚለው ቃል የድህነት መሸፈኛ እንዳይሆን የሚሰጉ ሰዎች ስጋታቸው ትክክል ነው። እኔ የምለየው ግን አንድ ነገር አለ። የሕፃኑን ጉልበት የሚጠራው የሱቁና የሸማኔው ቅርበት አይደለም፤ በሱቁ ዋጋና በሸማኔው ድርሻ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ሸማኔው ድር ተበድሮ ስለሚሠራ ዋጋ የሚቆርጠው አበዳሪው ነው፤ የተረፈውን የሚያሟላው በማይከፈለው እጅ ነው። ሱቁን ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር ይህን ልዩነት ያሰፋዋል እንጂ አያጠበውም፤ በመካከል ደላላ ይጨምራልና። ሸማኔው ሱቁ ዘንድ በእግሩ መድረስ ሲችል ቢያንስ የሸማው መሸጫ ስንት እንደሆነ በዓይኑ ያያል።

ሌላው ተቃውሞ ገበያው ራሱ እያለቀ ነው የሚል ነው። ዛሬ ከመስታወቱ ጀርባ ከተሰቀለው ቀሚስ ብዙው በመኪና የተሠራ፣ ጥለቱ የታተመበት፣ ከቻይና የገባ ነው፤ ሽፎን ላይ የተለጠፈ ጥልፍም አለ። ታሪኩን ከላይ የተከተለ ሰው፣ አሜሪካና ጃፓን፣ ድሬዳዋና አቃቂ መጥተው ሽመናው ኖሯል፣ ይህም ያልፋል ለማለት ይፈተናል። እኔ ያን ያህል አልደፍርም። የቀደሙት ሁሉ የወሰዱት ተራውን ጨርቅ ነበር፤ ሸማኔው ወደ ጥለቱ ሲያፈገፍግ ተከትለውት አልገቡም። የአሁኑ ግን የመጣው ወደ ጥለቱ ነው። አዲስ ጥለት ከጉድጓዱ ወጥቶ ሱቅ ላይ ሲሰቀል ፎቶው ባሕር ይሻገራል፤ አስመስሎ የተሠራው ደግሞ በአነስተኛ ዋጋ ተመልሶ ይመጣል። ሸማኔው እጅ የቀረው ብልጫ ፍጥነቱና ቅርበቱ ነው፤ ዛሬ የታዘዘን ንድፍ ነገ መጀመር፣ ቅሬታን ወዲያው መቀበል። ይህም መደዳውና መንደሩ እስካልተለያዩ ድረስ ብቻ የሚሠራ ብልጫ ነው።

የሚያለያየው ደግሞ ሩቅ አይደለም። በ1990ዎቹ መጨረሻ የኮንዶሚኒየም ግንባታ ሲጀመር ከአሮጌ ሰፈር የተነሣ ሰው ወደ ከተማዋ ዳርቻ መሄድ የተለመደ ሆነ፤ ቤቱ በዕጣ ሲደርስ ደግሞ ዕጣው ሸማኔን ከፈታይዋ ጎረቤቱ ጋር አያይዝም። አራተኛ ፎቅ ላይ ጉድጓድ አይቆፈርም። በእርግጥ ከወለል ከፍ ብሎ የሚቆም የእንጨትና የብረት ሸማ መሥሪያ አለ፤ መንግሥት ለማኅበራት በሠራቸው ሼዶች ውስጥ ብዙዎች በዚሁ ይሠራሉ፤ ወገብንና ጉልበትን ከእርጥበት ማዳኑም ደግ ነው። ስለዚህ ጉድጓዱ ራሱ ይጠበቅ አልልም። በ2013 ዓ.ም. መግቢያ የእንጦጦ ፓርክ ሲከፈት በሽሮ ሜዳ በኩል የሚወጣው መኪና በዛ፤ የመሬቱም ተፈላጊነት አብሮ ጨመረ። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ የተነሣው ክርክር የትኛው ቤት በቅርስነት ተመዝግቦ ነበር፣ የትኛው አልነበረም በሚል ዙሪያ የሚሽከረከር ነበር። በዚያ መለኪያ ሽሮ ሜዳ ቢነሣ ለክርክር እንኳ የሚበቃ ነገር አይገኝም፤ አንድም የሚቆጠር ሕንፃ የለምና። ሆኖም በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ፣ ቁጥር 209፣ በእጅ የማይዳሰሰውንም ቅርስ ይላል። በዚህ መሠረት መመዝገብ ያለበት የትኛው መንደር ለየትኛው ሱቅ እንደሚሠራ፣ ማጉን የምትፈትለው ማን እንደሆነች፣ ድሩ በማን ብድር እንደሚገባና ከሸማው ዋጋ ለሸማኔው ምን ያህል እንደሚደርስ ነው። ይህን የያዘ ካርታ መንገድ ከመስፋቱ በፊት ቢሠራ፣ ሱቆቹ ቢፈርሱና በአዲስ ሕንፃ ቢተኩ እንኳ፣ ምድር ቤቱ ለማን መሰጠት እንዳለበት ፕላን አውጪው ይታየዋል።